በሚስቴ ክንድ የተለካው ደሜ

ስልክ ከጮኸ መኪና ይመጣል፤ መኪናው ከመጣ ሰው ይወሰዳል፤ የተወሰደ ሰው ደግሞ በእግሩ አይመለስም። እኔ የማውቀው ይህን ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ያየሁትም በኮሮናው ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ወልድያ ደርሶ ሲመለስ ሳል ይዞት መጣ። ሁለት ቀን ምድጃ ዳር ተኛ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። በአንድ መኪና አብሮት የመጣ ሰው ታሞ ተገኝቶ፣ ያ ሰው የወንድሜን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ወንድሜ ነገር መደበቅ አያውቅም። ያስልሃል ወይ ቢሉት አዎ አለ፤ የት ነህ ቢሉት ከቤቴ አለ። ከሰዓት በኋላ ከታች ከመንገዱ ዳር ነጭ መኪና ቆመ። ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፋፈኑ ሰዎች ዐቀበቱን ወጥተው ይዘውት ወረዱ። ጋቢውን ረስቶት ነበር። ይዤ ተከትዬ ብሮጥ ከሩቅ በእጃቸው ተመለስ አሉኝ።

በሳምንቱ ሬሳው መጣ። ቅሬው እንዳይሰበሰብ ተባለ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍረው ቅሬው ነው፤ ሬሳ የሚሸከመው ቅሬው ነው፤ ሐዘንተኛውን የሚያበላውና የሚያስተዛዝነው ቅሬው ነው። ወንድሜን ግን የማያውቁት አራት ሰዎች ላስቲክ ለብሰው ቀበሩት። ፍትሐቱም ከሩቅ ሆነ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሜ አየሁ። ጋቢው ክንዴ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ክፉ ጊዜ መጣ። የታጠቁ ሰዎች በየመንገዱ ሰው እያስቆሙ ስልክ ይበረብሩ ነበር። ከማን ጋር አወራህ፣ ይህ ቁጥር የማን ነው ይላሉ። ስልክ የሌለው ያልፋል፤ ያለው ይቀራል። ጋሸና ምግብ ቤት የምትሠራው ልጄ አዲስ ስትገዛ የተወችልንን ስልክ ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀብሬ ከረምሁ። ያም አለፈ። ሰው ሁሉ አለፈ ይለኛል። በሽታው አልፎ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን እኔ ቤት ቀርቷል።

እኔ ራሴ ደም ግፊት እንዳለብኝ የታወቀው ገብስ ስናጭድ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አፍንጫዬ ደማና አልቆም አለ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፣ ኪኒን ሰጡኝ፣ በየወሩ እየመጣህ ተለካ አሉኝ። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ሄድሁ፤ ሁለተኛውን ተውሁት። ደህና ነኝ አልሁ።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፍላቂት ከተማ የተወለደች ወጣት ናት፤ ዐቀበት የማይሰለቻት። አንድ ቀን ግፊትና ስኳር ያለብንን ሁሉ ጤና ኬላው ጠራችን። ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ተደርድረን ተቀመጥን። በኮሮናው ጊዜ ብዙ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ መምጣት ፈርቶ፣ ኪኒኑን አቋርጦ እንደተጎዳ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚሠራ ነገር መጥቷል፣ አፕ ይባላል አለች። ቤታችሁ ሆናችሁ ትለካላችሁ፣ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ታስገባላችሁ፣ እኔም የጤና ጣቢያው ነርስም ካለንበት ሆነን እናየዋለን። ጥሩ ሲሆን አረንጓዴ ያሳያል፣ ከፍ ሲል ቢጫ፣ አደገኛ ሲሆን ቀይ።

ከጎኔ የተቀመጠች ባልቴት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ፣ «ደሜን ለማላየው ሰው አልልክም» አለች። «የፈለገ መጥቶ ይየኝ። ጠላ አለኝ።»

ሰው ሳቀ። ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያለው ሙስሊም ወዳጄ ግን ስኳሩን በዚህ ስልክ መላክ ከጀመረ መቆየቱን፣ አልሐምዱሊላህ እግሩ ከመንገድ ማረፉን ነገረን። መሪጌታው ቅዳሴ ላይ ይጮሃል ወይ ብለው ጠየቁ። ድምፁ ይዘጋል ተባሉ። እንግዲያው ይሁን አሉ። ስልክ እንደሌላቸው የታወቀው ኋላ ነው።

«ቀይ ሲሆንስ?» አልኋት እኔ።

«ቀይ ሲሆን አይስጉ አባባ። ወዲያው እንደርስልዎታለን።»

ልጅቷ ልታጽናናኝ ነው እንዲህ ያለችው። እኔ ግን ነጩን መኪና አሰብሁ። ለወንድሜም የደረሱለት እንዲያ አድርገው ነበር። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ባለ ሱቁ ወዳጄ ቀደመኝና፣ «ተይው፣ እሱ ይፈራል» አላት። ፈሪ መባል አልወድም። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት፣ ያውም በእሱ አፍ። መዝግቢኝ አልኋት። የተመዘገብሁት እንዲህ በእልህ ነው። ስልኩን ከጎተራው አውጥቼ ብወስድላት አፑን ጫነችበት፤ ክንድ ላይ የሚጠቀለል የግፊት መለኪያ መሣሪያም ሰጠችኝ።

ሌላም የማልወደው ነገር ነበረ። እኛ አገር ከብት አይቆጠርም። ስንት በግ አለህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ክፉ ነው ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው። እግዜር የሰጠኝ አለኝ ይባላል እንጂ ቁጥር አይነገርም፤ ዓይን ይገባበታል ብለን እንፈራለን። እናቴ ልጆቿን እንኳ በጣቷ ቆጥራ አታውቅም። ይህቺ ልጅ ደግሞ በየማለዳው ደምህን ቆጥረህ ላክልኝ ትለኛለች።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳልቀምስ ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠቀለልሁና እንዳሳየችኝ ቁልፉን ተጫንሁ። መሣሪያው እያቃሰተ ተነፋ፤ ክንዴን አንቆ ይዞ ይዞ ለቀቀኝ። ፊደል ይቸግረኛል እንጂ ቁጥር በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምሬያለሁ። የላይኛው መቶ ሰባ ስምንት ይላል። ይህን ያህል ከሆነ ቀይ እንደሚሆን ልጅቷ አሳይታኛለች። ጨርቁን ፈታሁት። መኪናው ከመንገዱ ዳር ሲቆም ታየኝ።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ባና የምንለው ብርድ የምንመክትበት የጠጉር ልብስ ነው፤ የሷን ያህል አጥብቆ የሚፈትል በሰፈራችን የለም። ጤነኛ ናት፤ በዕድሜዋ ኪኒን ውጣ አታውቅም። ክንድሽን አምጭ አልኋት።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«መሣሪያው መሥራቱን ልሞክር።»

«በሬው ላይ ሞክረዋ። ክንዱ ከኔ ይወፍራል።»

እንዲህ እያለችም ክንዷን ሰጠችኝ። መቶ ሃያ አንድ። ያንን ስልኩ ላይ አስገባሁ። አረንጓዴ ሆነና በጣም ጥሩ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ሆዴ ዐረፈ።

ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ ቤታችን ኔትወርክ የለውም። ኔትወርክ ያለው ያ ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ ወንድሜ ሲቀበር የቆምሁበት። ስለዚህ በየማለዳው የሷን ደም ይዤ ጉብታውን እወጣለሁ፤ ስልኩ ተልኳል ሲል እወርዳለሁ። ወደ ታች መቃብሩን ላለማየት ወደ ላሊበላ የሚወርደውን መንገድ አያለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ ገባት። ወንድሜን እንዴት እንደወሰዱት እሷም አይታለች፤ ስለዚህ አልተቆጣችኝም። ማለዳ ሳልጠይቃት እጅጌዋን ትሰበስብና፣ «ና፣ ደምህ መጥቷል» ትለኛለች። እንስቅበት ነበር።

ወራት እንዲህ ሄዱ። ኪኒኔን ባስታወስሁ ቀን እውጣለሁ፤ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ስለማልቀምስ ጭራሽ ተውሁት። ልጅቷ ደግሞ በሕመምተኛ ሁሉ ፊት አሞገሰችኝ። እኚህን አባት እዩ፣ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ይለካሉ፣ ግፊታቸው እንደ ወጣት ሆኗል አለች። እንዴት እንዳደረጉት ይንገሩን ብላ አስነሣችኝ። ጨው ቀነስሁ አልሁ። አልቀነስሁም። ደሜን አልልክም ያለችው ባልቴት በዚያ ቀን እኔን አይታ ተመዘገበች። ያም ሆኖ በማግስቱ ማለዳ የላክሁት የባለቤቴን ቁጥር ነው።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ ማለዳ የባለቤቴ ቁጥር ወጣ አለ። ስልኩ ቢጫ አሳየ። ክረምቱ ነው ብዬ አለፍሁት። በማግስቱ መቶ ሰማንያ ስድስት ሆነ። መሣሪያው ተበላሸ አልሁ። ሱቅ ወርጄ ድንጋዩን ቀየርሁለት። ደግሜ ለካኋት፤ ጭራሽ ጨመረ። በራሴ ክንድ ሞከርሁት፤ መቶ ሰባ ስድስት፣ ያው የድሮዬ። መሣሪያው ደህና ነው ማለት ነው።

«ዛሬስ እንዴት ነኝ?» አለችኝ። እሷ ቁጥር አታነብም።

«አረንጓዴ ነሽ» አልኋት።

ይህን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ከአፌ ሲወጣ ምንም አልመሰለኝም። የነገርሁት ለሷ ብቻም አይደለም። ስልኩ ላይ የትናንት በስቲያውን መቶ ሃያ ሦስት ጻፍሁና ጉብታውን ወጥቼ ላክሁት። እውነተኛውን ብልክ ታመመ ብለው ወደኔ ይመጣሉ፤ እኔን ሲለኩ ውሸቱ ይወጣል፤ ውሸቱ ሲወጣ እሷን ያገኟታል፤ አግኝተው ይወስዷታል። እንደ ወንድሜ ከጉብታ ላይ ሆኜ ልያት ነው። ሐሳቤ ይህ ነበር። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ራስሽን ያምሻል ወይ አልኋት። ትንሽ ከበድ ይለኛል፣ ጭጋጉ ነው አለች። ጸበል ሄጄ ቀዳሁላት። ጠጣች፣ ተሻለኝ አለች። በሁለተኛውም ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ደምህ መጥቷል አለችኝ፤ በሁለተኛውም ቀን አረንጓዴ ነሽ አልኋት። ቁጥሩ ግን አልወረደም። ያን ቀን ከብት እያሰማራሁ እንኳ በየሰዓቱ ወደ ቤት እየተመለስሁ በበሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ትፈትላለች። ደህና ናት እልና እሄዳለሁ፤ ጥቂት ርቄ ደግሞ ይጨንቀኝና እመለሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሳልለካት ተቀምጣ ስትፈትል እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። አነሣችው። ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው አላነሣችውም፤ እጇን ታየው ጀመር፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚታይ። ምነው አልኋት። ልትመልስልኝ ስትል ቃሉ ከአፏ ተጣሞ ወጣ። ከንፈሯ በአንድ ወገን ወርዷል።

ጨርቁን ክንዷ ላይ እንዴት እንዳሰርሁት አላውቅም። ከሁለት መቶ በላይ ነው። ስልኩን ይዤ ወጣሁ። ጭጋግ ስለነበር ጉብታው አይታይም፤ እግሬ መንገዱን ያውቀዋል እንጂ እኔ አላየሁትም። እላይ ደርሼ እውነተኛውን ቁጥር ጻፍሁ። ቀይ ሆነ። ላክ የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ ቆምሁ። ከታች መቃብሩ በጭጋጉ ውስጥ አለ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። የቆምሁት ብዙ አይሆንም፤ ለኔ ግን ቀን የመሸ መሰለኝ። ከዚያ ተጫንሁት።

ወዲያው ጮኸ። ልጅቷ ናት።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? ካሉበት ቁጭ ይበሉ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«ቁጥሩ እኮ በጣም ከፍ ብሏል። ልክ ነው የጻፉት?»

«ቁጥሩ ልክ ነው። ክንዱ ነው የኔ ያልሆነ።»

የማን ነው አለችኝ። የባለቤቴ አልኋት። ዛሬ ብቻ ነው ወይ አለችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አፏ ተጣሟል ወይ፣ እጇን ታነሣለች ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። ሁሉንም ነገርኋት። መኪና እንደምትልክ፣ እስከ መንገዱ ማድረስ የኛ ፈንታ እንደሆነ፣ ምግብም ውሃም በአፏ እንዳልሰጣት ነገረችኝ።

«እኔን አብራችሁ ካልወሰዳችሁ አልሰጣችሁም» አልኋት።

«ማን ከለከለዎት አባባ? ይሂዱ እንጂ።»

እስከ መንገዱ ደግሞ ብቻዬን አልሸከማትም። ከጉብታው ላይ ቆሜ ቅሬውን ጠራሁ፤ ሰው ሲሞት እንደሚጠራው፣ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ሦስቱም ሰፈር። ሌላ አጠራር አላውቅም። ሰው ማረሻውን ጥሎ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ገና ከሩቁ ማን ሞተ ይሉኛል።

«አልሞተችም» አልኋቸው። «እንዳትሞት ነው።»

አንዱ ጎረቤቴ ለቆመ ሰው ቅሬ ይጠራል እንዴ ብሎ ሊቆጣኝ ነበር፤ እሷን ሲያይ ተወው። ቃሬዛ አመጡ። ባናዋን አለበስኋት፤ ረስቼ እንዳልሄድ አስቀድሜ ያሰብሁት እሱን ነው። ስምንት ሰው እየተቀባበለ፣ ጭቃው እያንሸራተተ፣ ቁልቁለቱን አወረዳት። ወንድሜን መሸከም የተከለከሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

መኪናው ቆሟል። ነጭ ነው። ሳየው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የወረዱት ሰዎች ግን ፊታቸው ይታያል፤ አንዷ ነርስ እንዲያውም የሳቀች መሰለኝ። አባባ ቀድመው ይግቡ አለችኝ። ገባሁ። እስከ ሆስፒታል ድረስ የባለቤቴን የታመመ እጅ ይዤ ነበር። እጇ እጄን አልያዘም።

ሐኪሙ ቁጥሩ ከፍ ያለው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሦስት ቀን በፊት አልሁት። ያኔውኑ መጥታ ቢሆን ብሎ ጀመረና አየኝ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ቀጠለ። ያልጨረሰውን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

ነፍሷ ተረፈች። አፏ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። በአምስተኛው ቀን ቃል ሲወጣላት መጀመሪያ የተናገረችው ይህን ነው፤

«አረንጓዴ ነሽ ብለኸኝ ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

«ለማን?»

ላንች ልላት ነበር። ላንች ብላት ውሸት አልነበረም። ግን ነገሩ ሲጀመር እሷ ጤነኛ ነበረች፤ ያኔ የፈራሁት ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ለኔ» አልኋት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ሙሉ ወደኔ አልዞረችም። እኔም ተነሥቼ አልሄድሁም።

ቤታችን ከተመለስን በኋላ ልጅቷ ዐቀበቱን ወጥታ መጣችና ሁለታችንንም ለየብቻ መዘገበችን። የኔን በራሴ ክንድ ለክታ ኪኒኔን አስቀየረችልኝ። ተቆጣችኝም፤ ይገባኛል። ባልቴቷ ዘንድ ራሴ ሄጄ የድሮው ቁጥሬ የኔ እንዳልነበረ ነገርኋት። ልተወው ታዲያ አለችኝ። አትተይው፣ ብቻ የራስሽን ላኪ አልኋት። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር፣ «ዛሬስ በማን ክንድ መጣህ?» ትለኛለች።

የባለቤቴ ቀኝ እጅ እስካሁን አይጨብጥም። እንዝርቱ ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ማለዳ መጀመሪያ የሷን እለካለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ደግሜም አነብላታለሁ፤ አንዴ ብቻ ካነበብሁላት አታምነኝም። ከዚያ የኔ ተራ ነው። ጨርቁን በአንድ እጅ ማጥበቅ ስለማይሆን እኔ ጫፉን እይዛለሁ፣ እሷ በግራ እጇ ትስባለች፤ ቁልፉን የምትጫነው እሷ ናት። ደምህ መጥቷል የሚለው ቀልድ ቀርቷል።

አንዳንድ ቀን የኔ አሁንም ቀይ ይሆናል። ሰው ለመድኸው ወይ ይለኛል። አልለመድሁትም። ጉብታው ላይ ወጥቼ ቀዩን እልክና ስልኩ እስኪጮህ እቆማለሁ፤ ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አይነሣም። ፀሐይም ቢሆን ጋቢዬን ሳልይዝ አልወጣም።